«የትውልድ ዘመንዎን ያስገቡ»፦ የጌም ዕድሜ ገደብን ማን ያስከብረው?

የእህቴ ልጅ የተወለደው መስከረም 2006 ዓ.ም. ነው። በ2017 ክረምት፣ በእናቱ አሮጌ ስልክ አንድ የተኩስ ጌም ሊጀምር ሲል የትውልድ ዘመኑን ተጠየቀ። ልጁ አልዋሸም። ወር 1፣ ዓመት 2006 ብሎ ሞላ። የኛ መስከረም 2006 በፈረንጆቹ 2013 መሆኑን ስልኩ ከየት ይወቀው? የ11 ዓመቱን ልጅ 19 አድርጎ መዘገበው። ከዚያ ሁሉም በር ተከፈተለት። ደሙም፣ ሱቁም፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበት ማይክም።

ስንሰማ ሳቅን። የሌላ አገር ልጅ ይህን በር ለማለፍ መዋሸት አለበት። የኛው እውነቱን ተናግሮ አለፈ። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለመሆኑ ያ ጥያቄ እዚያ የተቀመጠው ማንን ሊያቆም ነው?

በብዙ አገር «የጌም የዕድሜ ገደብ በጥብቅ ይከበር» የሚል ክርክር አለ። ሲሰሙት መልሱ ቀላል ይመስላል። ገደብ ካለ ይከበራላ! ለጌጥ አልተለጠፈም። እኔም ይከበር ባይ ነኝ። ግን ሠላሳ ዓመት የሞላውን የዚህን ገደብ ታሪክ ሳይ፣ ጥብቅነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው የሚጠየቅ ሰው በሌለበት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው) ሁለት ሴናተሮች፣ ጆ ሊበርማንና ኸርብ ኮል፣ ሞርታል ኮምባትን የመሳሰሉ ጌሞችን ይዘው ምክር ቤት ፊት ቀረቡ። ያኔ ሞርታል ኮምባት ውስጥ የተሸነፈን ሰው አከርካሪ መዝዞ ማውጣት ይቻል ነበር። የእንደራሴዎቹ ማስጠንቀቂያ አጭር ነበር፦ ራሳችሁ ሥርዓት ካላበጃችሁ እኛ እናበጅላችኋለን። ኩባንያዎቹ ደነገጡ። በ1994 ኢኤስአርቢ የሚባል ደረጃ ሰጪ አቋቋሙ። ዛሬ የጌም ሽፋን ላይ ጥግ ይዘው የምናያቸው ፊደላት የመጡት ከዚያ ነው። «ኢ» ለሁሉም፣ «ቲ» ለታዳጊዎች፣ «ኤም» ከ17 ዓመት ጀምሮ። አውሮፓ በ2003 ፔጊ የተባለውን ይዞ መጣ። እሱ ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው የሚለጥፈው፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18።

ልብ በሉ፣ የአሜሪካው ፊደል ሕግ አይደለም። የሚለጥፈው መንግሥት ሳይሆን ኢንዱስትሪው ራሱ ነው። ካሊፎርኒያ ይህን ልትቀይር ሞክራ ነበር። በ2005 ጨካኝ ጌም ለልጅ የሸጠ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣ የሚል ሕግ አወጣች። ጌም ሻጮቹ ከሰሱ። ክርክሩ ተጎትቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2011 በሰባት ለሁለት ድምፅ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ወደቀ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ወግ አጥባቂ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ለጌም ይቆማሉ ብሎ የጠበቀ ብዙ አልነበረም። እሳቸው ግን ለልጆች የምናነበው ተረት ራሱ ምን ያህል ደም እንዳለበት እየጠቀሱ፣ ልጆች ጠንቋይቱን ምድጃ ውስጥ የሚከቱበትን ሳይቀር፣ ጌምም እንደ መጽሐፍ የንግግር ነፃነት ጥበቃ አለው አሉ። (ሕጉን ያረቀቀው ሊላንድ ዪ በኋላ በሌላ ጉዳይ፣ ጉቦም ባለበት ወንጀል ጥፋቱን አምኖ በ2016 አምስት ዓመት ተፈረደበት። ለክርክሩ ምንም አይጨምርም፣ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።)

እና ያለ ሕግ ምን ሆነ? እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን በየሱቁ እየላከ ይፈትን ነበር። በ2000 «ኤም» የተለጠፈበትን ጌም ልግዛ ካሉት ልጆች 85 በመቶው ተሸጠላቸው። በ2013 ይፋ በሆነው ፈተና ወደ 13 በመቶ ወርዷል። በዚያው ፈተና የአዋቂ ፊልም ትኬት የተሸጠላቸው 24 በመቶ ነበሩ። ማለትም ጌም ሻጩ ከሲኒማ ቤቱ በላይ ጥብቅ ሆኖ ተገኘ፣ ያለ አንድ ፖሊስ።

ምስጢሩ ረቂቅ አይደለም። ያኔ ጌም የሚሸጠው በጥቂት ትልልቅ ሱቆች ነበር። እነሱ ስማቸው በጋዜጣ እንዳይነሳ ይፈራሉ። ካሸሩ ዕቃውን ሲያሳልፈው ማሽኑ «መታወቂያ ጠይቅ» ይለዋል። ከፊቱ ጢም ያላበቀለ ልጅ ቆሟል፣ ያየዋል። ፈሪ ነጋዴና የሚታይ ፊት ሲገናኙ ገደቡ ሠራ።

ጀርመን በሕጉ መንገድ ሄደች። በ2002 ኤርፈርት ከተማ አንድ የቀድሞ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ገብቶ 16 ሰው ገደለ። የአገሪቱ ጣት ወደ ጌም ዞረ። በቀጣዩ ዓመት የጌም ምልክቱ በሕግ አስገዳጅ ሆነ፤ ለልጅ የሸጠ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። እንግሊዝም በ2012 የፔጊን ቁጥር ሕግ አደረገችው፣ ለሻጩ እስራት ጭምር። ሁለቱም ሠርተዋል ማለት ይቻላል። ግን የሠሩት ያው ባንኮኒው ላይ ነው።

ባንኮኒው ደግሞ ጠፋ። ዛሬ ጌም በዲስክ የሚገዛ ልጅ ስንት ነው? ከስልኩ ላይ ያወርዳል። ብዙው ጌም ለመጀመር በነፃ ነው። የሚሸጥ ከሌለ የሚጠየቅ ሻጭ የለም። በካሸሩ ቦታ የቀረው ያ የትውልድ ዘመን ጥያቄ ነው። እሱ ፊት አያይም።

«እንግዲያው ጥያቄውን እናጥብቀው» ያሉ አገሮች አሉ። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወት በሕግ ከለከለች። ልጆቹ በወላጆቻቸው የመታወቂያ ቁጥር ገቡ። ከሁሉ የሚያስቀው በ2021 የሆነው ነው። ማይንክራፍት፣ ልጆች በኩብ ድንጋይ ቤት የሚሠሩበት ጌም፣ ኮሪያ ውስጥ የአዋቂ ጌም ሆኖ አረፈው። ኩባንያው ለአንድ አገር ልጆች ብቻ የሌሊት መዝጊያ ከመሥራት ልጆቹን በሙሉ ማስወጣት ቀለለው፤ የሚገባበትን አካውንት ለአዋቂ ብቻ ፈቅዶት ነበርና ማይንክራፍት አብሮ ተቆለፈ። ሕጉ በ2022 መጀመሪያ ተሻረ። ቻይና ደግሞ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ብቻ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ፈቀደች። የፊት መለያም ገባ። ወዲያው የአዋቂ አካውንት ማከራየት ሥራ ሆነ።

እንግሊዝ በ2025 ክረምት የኢንተርኔት ዕድሜ ማጣሪያ ስታስጀምር ጌመኞች የሚያወሩበት ዲስኮርድም ፊት መቃኘት ጀመረ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ መንገዱ ተገኘ። ዴዝ ስትራንዲንግ የሚባል ጌም ውስጥ ያለውን ዋና ገጸ ባሕርይ ፎቶ ማንሻ ገጹ ላይ አቁሞ ካሜራው ፊት መደቀን። አፍ ክፈት ሲባል የምስሉን አፍ ያስከፍቱታል። ማሽኑም «አዋቂ ነው» ብሎ ያሳልፋል። ልጆችን ከጌም ሊጠብቅ የተሠራ ማሽን በጌም ሰው ተሸወደ።

ይህ ያስቃል። የቀጠለው ግን አያስቅም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዲስኮርድ ከሚሠራለት ሌላ ድርጅት በኩል የ70,000 ያህል ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይወጣ እንዳልቀረ አስታወቀ። ዕድሜያቸውን ሊያረጋግጡ የሰጡት መታወቂያ ነው። ጥብቅነት ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው። ልጅን ለመለየት አዋቂውን ሁሉ መታወቂያ ማስያዝ ግድ ይላል። ነገ እኛም አገር «ከፋይዳ ጋር ይያያዝ» የሚል ሰው እንደሚነሳ አልጠራጠርም። ሐሳቡ ሲቀርብ ቆንጆ ይመስላል። የልጅህን የፋይዳ ቁጥር፣ የት እንዳለ ለማታውቀው ጌም ሠሪ ትሰጣለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ገደቡ በጥብቅ ይከበር ስንል፣ የሚለካው ነገር ምንድን ነው?

ቁጥሩ ሲጀመር የሚለካው ደም፣ ስድብና ራቁትነት ነበር። በ1993 የሚያስፈራውም እሱ ነው። ጨካኝ ጌም ልጅን ጨካኝ ያደርጋል ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ያለውን ላስቀምጥ፦ ጨካኝ ጌም ከመጮህና ከመገፍተር ጋር ትንሽ ግንኙነት አለው፣ ሰው ከመግደል ከመሰለ ጥቃት ጋር ለማያያዝ ግን ማስረጃው አይበቃም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ጠመንጃ ስለተኮሰ ሽፍታ ይሆናል ብዬ አልፈራም። ማታ ቅዠት እንዳያመጣበት ግን እፈራለሁ። ለዚህ ቁጥሩ በቂ ምክር ነው።

የዛሬው ጌም አደጋ ግን በአብዛኛው ደም ላይ አይደለም። ኪስ ላይ ነው፣ ማይክም ላይ። ፎርትናይትን ተመልከቱ። ደም የለውም፣ የተመታው ሰው ብን ብሎ ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ ለታዳጊ የሚለው «ቲ» ተለጥፎለታል። በታኅሣሥ 2022 ግን ሠሪው ኤፒክ ጌምስ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የክሱ ምክንያት ተኩስ አልነበረም። የልጆች መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰቡ፣ ልጆችን ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያገናኘው የድምፅና የጽሑፍ ወሬ ገና ከመጀመሪያው ተከፍቶ መምጣቱ፣ እና አንድ ቁልፍ በስህተት ሲነካ ገንዘብ የሚቆረጥበት አሠራር ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፊደል አንድም ልጅ ባይጥሰው ኖሮ እንኳ ይህ ሁሉ ይሆን ነበር።

ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የኛ ተወዳጅ ነው። ፊፋ። ዛሬ ስሙ ኤፍሲ ሆኗል፣ እኛ ግን ፊፋ እንለዋለን። በአውሮፓ ለዓመታት ፔጊ 3 ነበር፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ይጫወተው ማለት ነው። ውስጡ ግን ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ የታሸገ ፓኬት ይሸጣል። ሜሲ ይወጣልህ ወይም ስሙን ሰምተህ የማታውቀው ተከላካይ፣ ዕድልህ ነው። ቤልጂየም በ2018 ይህን የመሰለው ሽያጭ ቁማር ነው አለች፤ በቀጣዩ ዓመት ጥር ሠሪው ኢኤ እዚያ አገር የፓኬት መግዣ ሳንቲሙን መሸጥ አቆመ። ጀርመን ከ2023 ጀምሮ ደረጃ ስትሰጥ እንዲህ ያለውን ግዢ መመልከት ጀመረች፤ የዚያ ዓመቱ ኤፍሲም በአንዴ 12 ተለጠፈበት። ኳሱ አልተቀየረም። የተቀየረው የሚለካው ነገር ነው። አውስትራሊያም በመስከረም 2024 ቁማር የሚያስመስል ጌም ከ18 ዓመት በታች አይሸጥም ብላለች። ለእኔ ይህ የጀርመንና የአውስትራሊያ እርምጃ ከኮሪያ የሌሊት መዝጊያ አሥር እጥፍ ይሻላል። ልጁን ማሳደድ ትቶ ዕቃውን መዘነ።

የኛስ ነገር?

እኛ ጋ ጌም ደረጃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ስልካችን ላይ ከጌሙ ስም ሥር የምናያት «12+» ወይም «16+» የራሳቸው ደረጃ ሰጪ ለሌላቸው አገሮች ሁሉ የምትሰጥ ጥቅል ቁጥር ናት። የምትወጣውም ጌም ሠሪው ራሱ ከሞላው መጠይቅ ነው። እሷንም ቢሆን የሚያያት ጌሙን ከትክክለኛው ቦታ ያወረደ ሰው ነው። በቴሌግራም የተላከ ወይም በዜንደር ከጓደኛ ስልክ የተቀዳ ጌም ምንም ቁጥር የለውም።

ከስልክ በፊት ግን ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር፣ ዛሬም አለ። የኔ ትውልድ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ያወቀው እዚያ ነው። ሰው በዱላ እየደበደብን፣ መኪና እየነጠቅን፣ ቦርሳችን ጀርባችን ላይ እንዳለ። ጌሙ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ «ኤም» ነበር። በ2005 ውስጡ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት ሲገኝ ወደ «ለአዋቂ ብቻ» ከፍ ተደረገ፣ ትልልቅ ሱቆች ከመደርደሪያ አነሱት። አዲስ አበባ ላይ ማን ሰምቶ! ዲስኩ የተቀዳ ነው፣ ሽፋን የለውም፣ በማርከር «ጂቲኤ» ተጽፎበታል። ፊደሉ ከአሜሪካ ሳይነሳ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጉዳይ ከፈረንጆቹ የሚለየው። እነሱ ባንኮኒያቸውን አጥተዋል። የኛ አለ። ፕሌይስቴሽን ቤቱ በር ላይ ጆይስቲክ የሚያቀብል፣ ብር የሚቀበል ሰው ተቀምጧል። የልጁን ፊት ያያል። አብዛኛውን ጊዜ እናቱንም ያውቃታል። ዩኒፎርም ለብሶ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የመጣ ልጅ ከየት እንደፎረፈ ለማወቅ የፊት መለያ ማሽን አያስፈልገውም።

መንግሥት ይህን ቤት የሚያስታውሰው ግን በዘመቻ ነው። ትምህርት ቤት አካባቢ ያሉ ጫት ቤትና ሺሻ ቤት ሲታሸጉ፣ ፑል ቤቱና ፕሌይስቴሽን ቤቱም አብሮ ይታሸጋል። ከወር በኋላ ያው ቤት መጋረጃ ጨምሮ ይከፈታል። መጋረጃው ደግሞ ከጌሙ ይብሳል፣ ውስጥ ምን እንዳለ አላፊ አግዳሚው እንዳያይ አደረገ። ሕግ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ካላመናችሁ አዋጅ 1112ን ተመልከቱ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ21 ዓመት ያልሞላው ሰው አልኮልና ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ቁሙ። «አባዬ ሁለት ሲጋራ ስጠው ብሎሃል» የሚል የስምንት ዓመት ልጅ ትሰማላችሁ። ባለሱቁ ይሰጠዋል። ገዢው አባትየው ነዋ!

ጌሙም ላይ ያለው ይኸው ነው። ልጁ አይገዛም፣ ይገዛለታል። ከአሜሪካ የሚመጣው አጎት ሻንጣው ውስጥ ፕሌይስቴሽን ይዞ ይመጣል፤ ትልቁ «ኤም» ከነማብራሪያው ሽፋኑ ላይ አለ። ቤተሰቡ ግን የሚያየው የአጎትን ውለታ ነው። እዚያው ባሉት ቤትም ከዚህ አይለይም። ዋሽንግተን ዙሪያ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያው ማን ነው? የአሥር ዓመቱ ልጅ። አካውንቱን የሚከፍተው እሱ፣ የወላጅ መቆጣጠሪያውን «አያስፈልግም» ብሎ የሚያልፈው እሱ፣ የእናቱን ካርድ የሚያስገባው እሱ። ወላጁን የሚቆጣጠረው ልጁ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ጥብቅነቱን እኔ የማሳርፈው ሦስት ቦታ ነው፣ እኩልም አይደሉም። ትልቁ ጌም ሠሪው ላይ ነው። ማንም ሰው ዕድሜውን ቢሞላም ባይሞላም፣ ማይኩ ተዘግቶ ይምጣ፣ ግዢውም ተዘግቶ ይምጣ። የሚፈልግ ይክፈተው። ይህን ለማድረግ የማንም መታወቂያ አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ ዘመን ቢሳሳትም አይጎዳውም ነበር። ኤፒክም በክሱ ስምምነት ለልጆችና ለታዳጊዎች ማይኩን ዘግቶ እንዲያመጣ ተገዷል፤ ለሁሉም ቢሆን ምን ይጎድላል?

ሁለተኛው ያ በር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱን ማሸግ ትርፉ መጋረጃ ነው። ንግድ ፈቃዱ ሲታደስ ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቅ፦ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም አይገባም፣ የሰው መግደያውን ጌም ለትንንሾቹ አትከፍትም። ቀሪውን ፊፋ ይጫወቱ። አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለውን የቆየ ደንብ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም በሱ ስንቴ የታክሲ ብሬን አጥቼ በእግሬ ገብቻለሁ። ያኔ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ያው ልጅ ከዚያ ወጥቶ ሁለት በር አልፎ ቤቲንግ ቤት ያገኛል፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ ፓኬቱን። ሦስቱ አንድ መስመር ላይ መሆናቸው እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ጂቲኤ አይነሳኝም።

ሦስተኛው ወላጅ ነው፣ እዚያ ግን በቅጣት የሚገኝ ነገር የለም። ዳኛ ስካሊያ በውሳኔያቸው ከልጆቹ ወላጆች መካከል ነገሩ የማያሳስባቸውም አሉ ብለው ነበር። እውነት ነው። እኛ ጋ ግን ችግሩ አለማሰብ አይመስለኝም። ቁጥሯ ምን ማለት እንደሆነች በአማርኛ የነገረን የለም። ሠላሳ ዓመት የቆየ ምልክት ነው፣ እህቴ 12 ቁጥሯን የሞባይሉ ዋጋ ነገር መስላት ነበር።

በመጨረሻ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አካውንቱን አስተካከልን። በፈረንጅ 2013 ብሎ ሞላ። ጌሙ ወዲያው ተዘጋ፣ ማይኩም ጠፋ። ስልኩን አየው፣ እኔን አየኝ።

«መጀመሪያም እኮ እውነቱን ነው የጻፍኩት» አለኝ።